ዕቃ ቤታችንን እንፈትሽ፤ የሚያኖረውን ከሚገድለው እንለይ

በዚህ ወርኃዊ ጽሑፍ ስለ መጠጥ ውኃ፣ ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ ማድ ቤት ንጽሕና ደጋግመን መናገራችን ይታወሳል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን ከአንድ በር ፊት ደርሰን ሳንከፍተው ስንመለስ ቆይተናል። ይኸውም የዕቃ ቤቱ በር ነው። ሳሎኑ ለእንግዳ ክብር ይጠረጋል፤ ጓዳው ስለ ምግቡ ይጸዳል፤ ደጁም የጎረቤት ዓይን ስለሚያርፍበት ይታያል። ዕቃ ቤቱ ግን እንግዳ ስለማይገባበት የሚታፈርበት አይደለም፤ የማይታፈርበትም በመሆኑ የሚጠርገው አይገኝም። ስለዚህ በዚህ ወር ይህን በር ከፍተን ከአንባብያን ጋር አብረን ልንገባ ወደናል።

በትልልቅ ከተሞች መኪና ያለው ሰው ለመኪናው ማደሪያ ጋራዥ ይሠራል። ጋራዡም ቀስ በቀስ የማያስፈልግ ዕቃ ሁሉ መከማቻ ሆኖ፣ በመጨረሻ መኪናው ራሱ ውጭ ሲያድር ይታያል። በመራዊና በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች ይህን ሥራ የሚሠራው ዕቃ ቤቱ ነው፤ ሥራውም ከጋራዥ ይልቅ የበዛ ነው። መራዊ ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው ጎዳና ላይ፣ 30 ከሚበልጡ ኪሎ ሜትሮች በኋላ የምትገኝ የሜጫ ከተማ ናት። ዙሪያዋ የበቆሎ፣ የዳጉሳና የጤፍ አገር ነው። በአጠገቧም 7,000 ሄክታር መሬት እንዲያጠጣ የታቀደው የቆጋ መስኖ ስላለ፣ ገበሬው በክረምት ከሚያመርተው በተጨማሪ በበጋ ስንዴ፣ ድንችና ሽንኩርት ያመርታል።

ይህ በረከት ነው። ነገር ግን በዓመት ሁለት ጊዜ የሚያመርት ሰው ሁለት ጊዜ ማዳበሪያ ይገዛል፤ ሁለት ጊዜ የአረምና የተባይ መርዝ ይረጫል፤ ዕቃ ቤቱም ዓመቱን ሙሉ ባዶ ሆኖ አያውቅም። በዚህ ላይ ከቤተ ሰቡ አንዱ ባጃጅ ወይም ሞተር ብስክሌት የገዛ እንደሆነ፣ ተሽከርካሪው የሚያድረው እዚያው ነው። ቤንዚኑም፣ ዘይቱም፣ አሮጌ ጎማውም ተከትለውት ይገባሉ።

በመስከረም ወር መጨረሻ ከከተማው ዳር ካሉት ግቢዎች ወደ አንዱ ገብተን ነበር። የባለቤቶቹን ስም አንጠራም፤ ቤቱ የብዙዎቻችን ቤት ነውና። አባወራው ታታሪ ገበሬ፣ እማወራይቱም ቤቷን በንጽሕና የምትይዝ ሴት ናት። ሳሎኑ ተጠርጎ፣ ቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ ቡና ተፈልቶ ጠበቀን። ዕቃ ቤቱን ለማየት ስንጠይቅ ግን ባልና ሚስቱ ተያዩ። አባወራው «እርሱ እንኳ ለዓይን የሚሆን አይደለም» አለን። እኛም የመጣነው ለዓይን የማይሆነውን ለማየት መሆኑን ነግረን ገባን።

ከበሩ በስተቀኝ ካለፈው ዓመት የተረፈ አምስት ኩንታል ያህል በቆሎ በክረምቱ እርጥበት ከራሰው የአፈር ወለል ላይ ተደርድሯል። ግማሽ የቀረ የዩሪያ ከረጢት ከበቆሎው ጋር ተደግፏል። ከዩሪያው ላይ የጀርባ መርጫ መሣሪያ ተጋድሞ፣ ከአፉ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ ከረጢቱን አርሶታል። በመካከል ባጃጁ ቆሟል፤ ከኋላው 20 ሊትር የሚይዝ የቤንዚን ጀሪካን አለ። በስተግራ ሦስት አሮጌ ጎማዎች፣ የሞተ ባትሪ፣ የተሰበረ ሞፈር፣ እግር የሌለው ወንበርና ዝናብ የማያስጥል ጃንጥላ ተቆልለዋል። በጥጉ ደግሞ መደብ አለ፤ ባጃጁን ከሌባ ለመጠበቅ ታላቁ ልጅ የሚተኛው እዚያ ላይ ነው።

በመስኮቱ ደፍ ላይ የመጠጥ ውኃ የሚሸጥበት የፕላስቲክ ጠርሙስ ተቀምጧል፤ እስከ ግማሹም ቢጫ ፈሳሽ ይዟል። ምን እንደሆነ ጠየቅን። አባወራው «የአረም መድኃኒት ነው። አንዱን ሊትር ከጎረቤቴ ጋር ገዝተን ስንካፈል፣ ሌላ ዕቃ ስላልነበረኝ በዚያ ቀዳሁት» አለን። በዚህ ጊዜ እማወራይቱ አራት ዓመት የሞላውን ትንሹን ልጅዋን ወደ ራስዋ ሳብ አድርጋ እንዲህ አለች፦ «ባለፈው ሳምንት ይኸ ልጅ ያንን ጠርሙስ ይዞ ወደ ማድ ቤት መጣ። ክዳኑ ጠንክሮበት ነበርና ‹እማዬ፣ ክፈችልኝ› አለኝ።»

ለጥቂት ጊዜ ሁላችንም ዝም አልን። ያ ሕፃን ዛሬ በግቢው ውስጥ የሚሮጠው አንድ የፕላስቲክ ክዳን ስለጠነከረ ነው። የቤተ ሰብ ሕይወት በክዳን ጥንካሬ ላይ እንዳይመሠረት ማድረግ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

በዚያ ዕቃ ቤት ያየነው ችግር ቆሻሻነት ብቻ አልነበረም። ዕቃ ቤት ቢጠረግም እንኳ ሊገድል ይችላል። የአደጋው ምንጭ ጉርብትናው ነው። የሚበላው ከሚመርዘው፣ የሚነደው ከእሳት፣ የሚተነፍሰው ሰውም ከሚያፍነው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ያድራሉ። ስለዚህ ዕቃ ቤትን ማደራጀት ማለት በመጀመሪያ መለየት ነው፤ መጥረግ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ከአባወራው ጋር ተስማምተን በማግሥቱ ቅዳሜ ጧት ዕቃውን ሁሉ ወደ ደጅ አወጣነው። ይህን የምንመክረው ለሁሉም ነው፤ ዕቃ ውስጥ ሆኖ ሲለይ አይለይምና። አፍንጫና አፍ በጨርቅ ይሸፈን፤ እጅ ጓንት ይልበስ፤ እግርም ጫማ ያድርግ። በዝገትና በአዛባ አፈር ውስጥ የሚኖረው የመንጋጋ ቆልፍ ተሕዋስ በምስማር ቀዳዳ ወደ ሰውነት ይገባልና በባዶ እግር መግባት አይገባም። የአይጥ ኩስ ያለበት ወለል ደርቆ ከመጠረጉ በፊት በውኃና በበረኪና ይርጠብ፤ አቧራው እንዳይነሣ ነው። ሕፃናትም በዚያ ቀን ከግቢው ራቅ ይበሉ።

ዕቃው ሲወጣ በአምስት ክምር ተለየ፦ የሚበላ፣ የሚመርዝ፣ የሚነድ፣ የሚሠራበትና የማያገለግል። እያንዳንዱን በየተራ እንመልከት።

፩ኛ፤ የሚበላው

እህል የቤቱ ሕይወት ስለሆነ ከሁሉ የተሻለው ቦታ ለእርሱ ይሰጠው። የተቻለ እንደሆነ ጭራሽ ለብቻው ይቀመጥ። በአፈር ወለል ላይ የተቀመጠ ከረጢት እርጥበት ከሥር ይስባል፤ እርጥበቱም ሻጋታን ያበቅላል። በበቆሎና በለውዝ ላይ የሚበቅለው አንዱ የሻጋታ ዓይነት አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል። ይህ መርዝ ጉበትን የሚጎዳና በረዥም ጊዜ የጉበት ካንሰር የሚያመጣ ሲሆን፣ በመቀቀልም ሆነ በመቁላት ጨርሶ አይጠፋም። በጎረቤታችን በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2004 በሻገተ በቆሎ የተነሣ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። ከምክንያቶቹ አንዱ በቆሎው ሳይደርቅ በየቤቱ መከማቸቱ ነበር።

ስለዚህ በቆሎ ወደ ዕቃ ቤት ከመግባቱ በፊት የእርጥበቱ መጠን ከ100 እጅ ወደ 13 እጅ ያህል እስኪወርድ መድረቅ አለበት። መለኪያ መሣሪያ የሌለው ሰው በጨው ሊፈትነው ይችላል። ፍጹም በደረቀ የብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ደረቅ ጨውና ጥቂት እፍኝ በቆሎ አድርጎ ደኅና አድርጎ ይነቅንቀው፤ ሩብ ሰዓት ያህልም ያቆየው። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ በቆሎው ገና እርጥብ ነውና እንደገና ይሰጣ። ጨው ካልተለጠፈ ለማስቀመጥ ደርሷል።

የደረቀው እህል ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳው ስንዝር ያህል ርቆ ይደርደር። ስንዝሩ ለነፋስና ለዓይን ነው፤ ከግድግዳ ጋር በተጣበቀ ከረጢት ኋላ አይጥ ስትወልድ ማንም አያያትም። አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ትልቁን አይጥ፣ እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ ደግሞ ትንሿን አይጥ ያሳልፋልና ቀዳዳው ሁሉ በድንጋይና በጭቃ ወይም በሲሚንቶ ይደፈን።

ነቀዝን ለመከላከል ብዙ ሰዎች በከረጢቱ ውስጥ የፎስፋይድ ክኒን ይጨምራሉ። ሦስት ግራም የሚመዝነው ክኒን በአየሩ እርጥበት ሲፈታ አንድ ግራም ያህል ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህም ጋዝ ሰውን የሚገድል፣ ማርከሻም የሌለው መርዝ ነው። ሰው በሚተኛበት ቤት፣ ወይም ግድግዳው ከመኝታ ቤት ጋር በተያያዘ ዕቃ ቤት ይህን ክኒን መጠቀም ፈጽሞ አይገባም። ከዚህ የሚሻለው በውስጡ ሁለት የፕላስቲክ ሽፋን ያለው፣ አየር የማያስገባ ከረጢት ነው። በደንብ የደረቀ እህል በዚህ ከረጢት ሲታሰር ነቀዙ በውስጡ ያለውን አየር ጨርሶ ይሞታል፤ መርዝም አያስፈልግም።

፪ኛ፤ የሚመርዘው

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል። በአገራችን ልማድ አረምና ተባይ የሚያጠፋውን ሁሉ «መድኃኒት» እንለዋለን፦ የአረም መድኃኒት፣ የነቀዝ መድኃኒት፣ የአይጥ መድኃኒት። ሕፃኑ ግን መድኃኒት ማለት ሲታመም እናቱ የምትሰጠው፣ ከጠጣው በኋላም የሚድንበት ነገር መሆኑን ተምሯል። ስለዚህ በቤታችን ውስጥ እውነተኛ ስሙን እንስጠው፤ ስሙም መርዝ ነው። ስሙ ከታወቀ ጥንቃቄው ይከተላል።

መርዝ ከተሸጠበት ዕቃ ወደ ሌላ ዕቃ አይገልበጥ፤ በተለይም ውኃ፣ ለስላሳ፣ ዘይትና አረቄ በሚያዝበት ጠርሙስ ፈጽሞ አይቀመጥ። ለሁለት የገዙ ጎረቤታሞች ጠርሙሱን ሳይከፍሉ በአንዱ ቤት ቆልፈው ያስቀምጡት፤ በሚረጩበት ቀን ብቻ እየለኩ ከማሳው ላይ ይውሰዱ። የማሸጊያው ጽሑፍ እንዳይፋቅ ይጠበቅ፤ መርዝ የጠጣ ሰው ጤና ጣቢያ ሲደርስ ሐኪሙ በመጀመሪያ የሚጠይቀው የመርዙን ስም ነውና። ከእህልና ከመኖ ራቅ ብሎ፣ ከአዋቂ ሰው ትከሻ በላይ የሚሰቀል ቁልፍ ያለው ሣጥን ይሠራለት። ይህን ሣጥን ማንኛውም አናጢ ከተራ ሣንቃ ሊሠራው ይችላል።

ዩሪያም ለብቻው ይቀመጥ። ነጭ ፍሬው ጨው ስለሚመስል ከብት ልሶት ይሞታል፤ በማድ ቤትም በስሕተት ሊገባ ይችላል። ባዶ የመርዝ ዕቃ ሦስት ጊዜ ታጥቦ እጣቢው ከመርጫው ጋር ተቀላቅሎ በማሳው ላይ ይረጭ፤ ዕቃውም ማንም ውኃ እንዳይቀዳበት ይበሳ። በቆጋ ቦይ ወይም በወንዝ ውስጥ ማጠብ ግን ከታች ያለውን ጎረቤት መመረዝ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አደጋ የደረሰ እንደሆነ ጊዜ አይጥፋ። መርዝ ወይም ላምባ የጠጣውን ሰው እንዲያስመልስ አታስገድዱት፤ ሲመለስ ወደ ሳንባ ገብቶ የባሰ ጉዳት ያደርሳልና። ወተትና ተልባ ማጠጣትም ማርከሻ አይሆነውም። ልብሱን የነካው እንደሆነ ልብሱን አውልቃችሁ ገላውን በብዙ ውኃና በሳሙና እጠቡት፤ ዓይኑን የነካው እንደሆነ ሩብ ሰዓት ያህል በንጹሕ ውኃ እጠቡለት። ራሱን የሳተ እንደሆነ በግራ ጎኑ አስተኙት። ምራቁ የሚዝረበረብ፣ ላቡ የሚፈስ፣ የዓይኑ ብሌን የጠበበና ትንፋሹ ያጠረው ሰው በብርቱ ተመርዟል። ጠርሙሱን ከበሽተኛው ጋር ይዛችሁ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል አድርሱት።

፫ኛ፤ የሚነደውና የሚያፍነው

የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል። ስለዚህ ወደ ላይ አይወጣም፤ እንደ ውኃ በወለሉ ላይ ተስቦ ከሩቅ ያለ ኩራዝ ወይም የከሰል ፍም ያገኛል። ጀሪካኑ እሳት የነበረበት ቦታ አጠገብ ባይሆንም ቤት የሚቃጠለው በዚህ ምክንያት ነው። ቤንዚን በቤት ማከማቸቱ የሚቀር ቢሆን እጅግ መልካም ነበር። ማስቀመጥ ግድ የሆነበት ሰው ጥቂቱን ብቻ፣ በደንብ በሚከደን ዕቃ፣ ከመኖሪያው ቤት ርቆ ጥላና ነፋስ ባለበት ቦታ ያኑረው። በዚያም ቦታ ሲጋራ፣ ሻማና ክብሪት አይታዩ።

ሁለተኛው አደጋ የማይታየውና የማይሸተው ነው። የባጃጅም ሆነ የጄኔሬተር ሞተር በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲሠራ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ የከሰል ምድጃም እንዲሁ። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም ስለሌለው የተኛውን ሰው ሳያነቃው ይገድለዋል። ሞተር ለማሞቅ ባጃጁን መጀመሪያ ወደ ደጅ አውጡት። ባጃጅ፣ ቤንዚንና የነቀዝ ክኒን ባሉበት ቤት ውስጥ ሰው አይተኛ። ንብረትን ከሌባ ለመጠበቅ ጠንካራ ቁልፍ ይበቃል፤ የልጅ ሕይወት ዘበኛ ሆኖ መቀመጥ የለበትም።

፬ኛ፤ የሚሠራበት

ዶማ፣ አካፋ፣ ማጭድ፣ መጋዝና መዶሻ በግድግዳው ላይ በምስማር ይሰቀሉ፤ ስለታቸው ወደ ግድግዳ ይዙር። የእያንዳንዱ ዕቃ ቅርጽ በከሰል በግድግዳው ላይ ቢሣል፣ የተዋሰው ሰው የት እንደሚመልሰው ያውቃል፤ የጎደለውም ወዲያው ይታያል። ወለል ላይ ከቀረው ዕቃ ሥር እባብና ጊንጥ ይጠለላሉ፤ ወለሉ ባዶ የሆነ እንደሆነ ግን መጠለያ አያገኙም።

፭ኛ፤ የማያገለግለው

ከሁሉ የከበደን ይህ ክምር ነበር። አባወራው የተሰበረውን ሞፈር ሲያነሣ «ይጠቅም ይሆናል» ይላል፤ ጃንጥላውንም ሲያነሣ «ይጠቅም ይሆናል» ይላል። ይህን ቃል አንነቅፍም። ችግር ያየ ሕዝብ ዕቃ አይጥልም፤ ቁጠባም ክብር ነው። ይሁን እንጂ «ይጠቅም ይሆናል» የተባለው ነገር ከአንድ ክረምትና ከአንድ በጋ በላይ ሳይነካ ከቆየ፣ የሚጠቀምበት አይጥ ብቻ ነው። የሚጠገነው በአንድ ወር ውስጥ ይጠገን፤ ብረቱ ለቆራሌው ይሸጥ፤ እንጨቱ ይፈለጥ፤ ጎረቤት የሚፈልገውም ይሰጠው።

ሁለት ዕቃዎች የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። የመጀመሪያው የሞተ ባትሪ ነው። በውስጡ ያለው እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። በሴኔጋል በዳካር አጠገብ ባለች አንዲት መንደር ከአሮጌ ባትሪ እርሳስ በሚወጣበት ሥፍራ የነበሩ 18 ሕፃናት እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻና በ2008 መጀመሪያ ሞተዋል። ስለዚህ ባትሪ አይሰበር፣ አይቅለጥ፤ ሳይከፈት ለሚገዛው ነጋዴ ይሰጥ።

ሁለተኛው አሮጌ ጎማ ነው። ጎማዎቹን ስናነሣ ከጣራው ቀዳዳ የገባ የዝናብ ውኃ ፈሰሰ፤ በውስጡም የትንኝ ዕጮች ሲወራጩ ነበር። በዚህ ጊዜ የአባወራው እናት፣ ዕድሜያቸው ከ70 የዘለለው አሮጊት፣ ከደጃፉ ተቀምጠው ሲያዩን ቆይተው «ልጆቼ፣ ይኸን ዛሬ ጀመራችሁትን? እኛ ልጆች ሳለን የወባ ሰዎች ለዲዲቲ ሲመጡ ዕቃ ሁሉ ወደ ደጅ ይወጣ አልነበረምን? እናቴ በዚያው ምክንያት ቤቱን ጠርጋ ትመልሰው ነበር» አሉን።

አሮጊቷ እውነት ተናገሩ። እ.ኤ.አ. በ1958፣ ማለት በ1950 እና በ1951 ዓ.ም.፣ በአገራችን ደጋማና ወይናደጋ ክፍሎች በተነሣው የወባ ወረርሽኝ ወደ 150,000 የሚገመት ሕዝብ አልቋል። በተከታዩ ዓመት የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቁሞ የቤት ለቤት የዲዲቲ ርጭት ተስፋፋ። ለርጭቱ ሲባል ዕቃው ሁሉ ስለሚወጣ ዕቃ ቤቱ በግድ ይፈተሽ ነበር። በአገራችን በብዛት የሚታወቀው የወባ ትንኝ በፀሐያማ ኩሬና በከብት ኮቴ ጉድጓድ ይራባል። ነገር ግን አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለ ሌላ ዓይነት ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ተገኝቷል። ይህ ትንኝ በከተማ፣ በበርሜልና ውኃ በያዘ ዕቃ ሁሉ የሚራባ ሲሆን፣ በ2022 በድሬዳዋ ከተነሣው የወባ ወረርሽኝ ጋር ተያይዟል። የደንጊ ትኩሳትን የምታስተላልፈው ትንኝ ደግሞ ጎማን እጅግ ትወዳለች። ትንኝ ከዕንቁላል ተነሥታ ለመብረር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃታልና ውኃ የሚይዝ ዕቃ ሁሉ በየሳምንቱ ይደፋ፤ ጎማውም ይሸጥ ወይም ይበሳ።

ከክምሩ መጨረሻ ላይ መለያው የተፋቀ የቆርቆሮ ጣሳ ተገኘ፤ በውስጡም ነጭ ዱቄት ነበር። አባወራው የአይጥ መርዝ ይመስለኛል አለ፤ እማወራይቱ የነቀዝ ነው አለች፤ አሮጊቷ ግን ለትኋን ያስቀመጡት ዲዲቲ ሳይሆን አይቀርም አሉ። ማን ትክክል እንደሆነ ለማወቅ አልቻልንም፤ ጥፋቱም ይኸው ነው። ስም የሌለው ዱቄት በቤት ውስጥ ከተቀመጠ አንድ ቀን ከቤተ ሰቡ አንዱ ስም ያወጣለታል፤ ያ ስም ዱቄት ወይም ጨው ሊሆን ይችላል። ዲዲቲ ትንኝ ስለተላመደችው ለቤት ርጭት መዋሉ በአገራችን ቀርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 በስቶክሆልም በተፈረመው ስምምነትም አጠቃቀሙ በዓለም ተገድቧል።

አባወራው በቅን ልብ «የኅዳር ሚካኤል ዕለት ከቆሻሻው ጋር አቃጥለዋለሁ» አለን። እንደሚታወቀው በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቤትና ግቢ ተጠርጎ ቆሻሻው ይቃጠላል፤ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ነው። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀው የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ ይነገራል። አባቶቻችን በዓመት አንድ ቀን ቤታቸውን የሚፈትሹበት ልማድ ትተውልናል፤ ቀኑም አዲሱ እህል የሚገባበት ወቅት ስለሆነ ለዕቃ ቤት ጽዳት ከዚህ የተመቸ ጊዜ አይገኝም። እነርሱ ሲያቃጥሉ የነበረው ግን ገለባ፣ ቅጠልና ጭራሮ ነበር። የዛሬው ቆሻሻ ፕላስቲክ፣ ጎማና መርዝ ስላለበት ጭሱ ራሱ በሽታ ነው። አገራችን በየመጋዘኑ ከተከማቸው ጊዜ ያለፈበት ፀረ ተባይ ወደ 1,500 ቶን ገደማ በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ሰብስባ ያስቃጠለችው በባሕር ማዶ፣ በፊንላንድ አገር ባለ ልዩ ምድጃ ነው። ይህን ያህል ድካም የጠየቀ ነገር በግቢ እሳት ሊጠፋ አይችልም።

ስለዚህ ስሙ የማይታወቅ ዱቄትና ፈሳሽ አይከፈት፣ አይሽተት፣ አይቃጠል፣ አይቀበር፣ በመጸዳጃ ጉድጓድም አይጣል። በሌላ ዕቃ ውስጥ ተደርጎ «መርዝ» ተብሎ ይጻፍበት፤ በሣጥኑም ይቆለፍበት፤ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ወይም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይነገር። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ከያዛቸው ሥራዎች መካከል የቤት አያያዝ ንጽሕና እንዲሁም ነፍሳትንና አይጥን መከላከል ይገኙባቸዋልና፣ ይህን ለመጠየቅ ማንም አይፈር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደዚያ ግቢ ተመለስን። በቆሎው ተሰጥቶ ደርቆ በርብራቡ ላይ ተደርድሯል፤ የሻገተው ተለይቶ ተወግዷል። ለከብትም አልተሰጠም፤ መርዙ በወተት በኩል ተመልሶ ወደ ሰው ይመጣልና። ቤንዚኑ በግቢው ጥግ በተሠራ ትንሽ ዳስ ሥር ተቀምጧል። ታላቁ ልጅ መኝታውን ወደ ቤት አዛውሮ በዕቃ ቤቱ በር ላይ ሁለት ቁልፍ አስገብቷል። ቢጫ ፈሳሽ የነበረበት ጠርሙስ ከመስኮቱ ደፍ ላይ የለም፤ የመርዙ ሣጥን ከፍ ብሎ ተሰቅሎ ተቆልፏል። ቁልፉ የት እንዳለ ስንጠይቅ አሮጊቷ ከአንገታቸው ያለውን ክር ሳብ አድርገው አሳዩን። «ልጄ ሲፈልግ እኔን ይጠይቃል፤ እኔም ለምን እንደሆነ ሳልጠይቅ አልሰጥም» አሉን።

አንባብያን ሆይ፣ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ቃል ለዕቃ ቤት የተነገረ ይመስላል። ሥራው ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አንድ ቅዳሜ፣ ጥቂት ሣንቃና አንድ ቁልፍ ነው። ኅዳር ከመድረሱ በፊት የዕቃ ቤታችሁን በር ክፈቱ፤ በመጀመሪያም በመስኮቱ ደፍ ላይ ያለውን ጠርሙስ ተመልከቱ።